አያምም፣ አያሳክክም

እከክ የያዘው ሰው ሌሊቱን ሲያክ ያድርና ጠዋት መድኃኒት ፍለጋ ይወጣል። ክንዱ ላይ ፈዘዝ ያለች፣ ሳንቲም የምታክል ምልክት የወጣችበት ሰው ግን ስለማታመውና ስለማታሳክከው ዓመትም ሁለት ዓመትም ሳያስታውሳት ይኖራል። ከሁለቱ ሰዎች ሐኪም ፊት ለመቅረብ መቸኮል የነበረበት ይሄኛው ነው። የቆዳ በሽታ አስቸጋሪነቱ እዚህ ላይ ነው፤ እንቅልፍ የሚነሳው አብዛኛውን ጊዜ በቀላሉ ይድናል፣ አካል የሚያጎድለው ግን ሲጀምር አይሰማም።

እከክን የምታመጣው በዓይን ለማየት የምታስቸግር ተባይ ናት። ሴቷ የላይኛውን የቆዳ ሽፋን ቦርቡራ ገብታ እንቁላሏን ትጥላለች። በጣቶች መካከል፣ በእጅ አንጓ ወይም በወገብ ዙሪያ በደንብ ለሚያይ ሰው የሄደችበት መንገድ እንደ ቀጭን ክር ሆኖ ይታያል። ማሳከኩ ሰውነት ለተባይዋና ለኩሷ የሚሰጠው የአለርጂ ምላሽ ስለሆነ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ የተያዘ ሰው ከ4 እስከ 6 ሳምንት ምንም ላይሰማው ይችላል። በእነዚያ ሳምንታት ግን አብሮት ለሚተኛው ያስተላልፋል። አንዱ ልጅ ብቻ ታክሞ እከኩ በወሩ ተመልሶ የሚመጣው ለዚህ ነው። ቤንዚል ቤንዞኤት ወይም ፐርሜትሪን የታዘዘ እንደሆነ የቤቱ ሰው ሁሉ፣ የማያሳክከውም ጭምር፣ በአንድ ቀን ይቀባል። ልብስና አንሶላ በሙቅ ውኃ ይታጠባል፤ የማይታጠበው ብርድ ልብስ በፌስታል ታስሮ አንድ ሳምንት ይቀመጥ፣ ተባይዋ ከሰው ገላ ከተለየች ብዙ ቀን አትቆይም። እንዲህ በቀላሉ ስለሚዛመትም፣ በ2008 ዓ.ም. ገደማ በነበረው ድርቅ በአማራ ክልል በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ሰው በእከክ ተይዞ ነበር።

ጭርት ላይ ስንደርስ ነገሩ ይወሳሰባል። ጭርት ፈንገስ ነው፤ ጠርዙ ከፍ ብሎ የሚቀረፍ፣ መሐሉ እየጠራ የሚሄድ ክብ ሆኖ ይወጣል። ክሎትሪማዞልን የመሰለ የፈንገስ ቅባት ለጥቂት ሳምንታት ሳይቋረጥ ከተቀባ ያጠፋዋል። ብዙ ሰው እጅ የሚገባው ግን ቤታሜታሶን ወይም ክሎቤታሶል ያለበት ቱቦ ነው። እነዚህ ስቴሮይዶች ናቸው። በሁለት በሦስት ቀን ማሳከኩ ጸጥ ይላል፤ ባለቤቱም “ፍቱን ነው” ብሎ ለጎረቤት ያውሰዋል። ስቴሮይዱ ያስተኛው ግን ፈንገሱን ሳይሆን ፈንገሱን የሚዋጋውን የሰውነት መከላከያ ነው። ጭርቱ ከሥር መስፋፋቱን ይቀጥላል፣ የታወቀው ክብ ጠርዙም ይጠፋል፤ በመጨረሻ ሐኪም ዘንድ ሲደርስ ሐኪሙ እንኳ ለመለየት ይቸገራል። ይኸው ቱቦ ፊት ለማቅላት ለወራት ሲቀባ ደግሞ ቆዳው ይሳሳል፣ ብጉርና ፀጉር ያወጣል፣ ሲያቆሙትም ፊት ይቃጠላል። ለችፌ በሐኪም ትእዛዝ፣ በልኩ ሲሰጥ ጥሩ መድኃኒት ነው። ያለ ማዘዣ እንደ ቫዝሊን መሸጡ ግን፣ ለእኔ፣ ከብዙዎቹ የቆዳ በሽታዎች ይልቅ ያሳስበኛል።

የልጆች የራስ ጭርት በቅባት አይድንም፤ ፈንገሱ ከፀጉሩ ሥር ስለሚገባ የሚዋጥ መድኃኒት ይፈልጋል። ቋቁቻ ደግሞ ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። ፈንገሱ ከሞተ በኋላም የቆዳው ቀለም እስኪመለስ ወራት ስለሚወስድ “አልሠራልኝም” ብሎ መድኃኒት መቀያየር አያስፈልግም።

ወደዚያች ፈዛዛ ምልክት እንመለስ። እንደ ወተት ነጭ ከሆነችና ሲነኳት ስሜት ካላት ምናልባት ለምጽ ትሆናለች። ከቀሪው ቆዳ ትንሽ ፈዛ ወይም ቀላ ብላ፣ ላብ የማይወጣባት ከሆነች ግን መፈተን አለባት። ፈተናው ቀላል ነው። ሐኪሙ ጥጥ አሹሎ ታካሚውን ዓይንህን ጨፍን ይለውና እየነካካ “የት ነው የነካሁህ?” ብሎ ይጠይቀዋል። ታካሚው ጤነኛውን ቆዳ ሲነካ በጣቱ ያሳያል፤ ምልክቷ ላይ ሲደርስ ዝም ይላል። ይህ የሥጋ ደዌ ምልክት ነው። ኖርዌያዊው ገርሃርድ ሃንሰን እ.ኤ.አ. በ1873 ያገኘው የሥጋ ደዌ ባክቴሪያ ነርቭ ውስጥ ስለሚቀመጥ ስሜትን ይወስዳል። በሽታው ከተያዙ በኋላ ለመታየት በአማካይ 5 ዓመት፣ አንዳንዴም ከ20 ዓመት በላይ ይፈጅበታል። መድኃኒቱ በነፃ ይሰጣል፤ ለ6 ወይም ለ12 ወር ነው የሚወሰደው፣ ተጀምሮ ብዙም ሳይቆይ መተላለፉ ይቆማል። የሞተ ነርቭን ግን መድኃኒቱ አይመልስም። ሰው ዛሬም “ዘነበወርቅ” የሚለው የአዲስ አበባው አለርት ሆስፒታል በዚህ በሽታ ሕክምና ስሙ የታወቀ ሲሆን፣ ዛሬ ሌላውንም የቆዳ በሽታ ያክማል።

ቁንጭርም እንዲሁ ዝምተኛ ነው። በደጋና በወይና ደጋ ገደላማ አካባቢ ሽኮኮዎች ጥገኛ ተሕዋሱን ተሸክመው ይኖራሉ፤ ከእነሱ ወደ ሰው የምታሻግረው የአሸዋ ዝንብ ናት። ፊት ላይ የማታምም እብጠት ትወጣለች፣ ቀስ ብላ ትሰፋለች፣ ለወራት አትድንም፤ ስትድንም ጠባሳ ትታ ነው። አፍንጫና ከንፈር ላይ ስትደርስ የከፋ ጉዳት ታመጣለች። ከአንድ ወር በላይ ያልዳነ ቁስል፣ ቢያምም ባያምም፣ ሐኪም ሊያየው ይገባል።

ጥቁር ሰው የቆዳ ካንሰር አይዘውም የሚለውን አባባል ለማፍረስ ቦብ ማርሊ ይበቃል። እ.ኤ.አ. በ1977 በእግሩ አውራ ጣት ጥፍር ሥር የተገኘው ሜላኖማ የተባለ የቆዳ ካንሰር መጀመሪያ የኳስ ጉዳት መስሎ ነበር፤ በ1981፣ በ36 ዓመቱ ሞተ። ይህ ዓይነቱ ሜላኖማ ከፀሐይ ጋር ግንኙነት የለውም፤ መዳፍ፣ ውስጥ እግርና ጥፍር ሥር ይወጣል። እየሰፋ የሚሄድ ጥቁር ነጥብ ወይም በአንድ ጥፍር ላይ ብቻ የወጣ ጥቁር መስመር መታየት አለበት።

ቀጠሮ የማይጠብቁም አሉ። አልማዝ ባለጭራ መድኃኒቱ ይበልጥ የሚሠራው በመጀመሪያዎቹ 72 ሰዓታት ሲጀመር ነው፤ ግንባርና ዓይን አካባቢ ከወጣ የዚያኑ ቀን መሄድ ያስፈልጋል። አዲስ መድኃኒት መውሰድ ከጀመሩ በኋላ ትኩሳት፣ የአፍ ቁስልና ውኃ የቋጠረ ቆዳ አብረው ከመጡ ደግሞ ሰዓትም አይባክንም፣ በቀጥታ ድንገተኛ ክፍል ነው።

ለሌላው ጤና ጣቢያ መጀመር ይቻላል፤ ካልተሻለ ወደ ቆዳ ሐኪም ይጻፍልዎታል። ሲሄዱ እስካሁን የተቀቡትን ሁሉ፣ ጎረቤት ያዋሰዎትንም፣ ከነቱቦው ይዘው ይሂዱ።