ሻይ ዓመቱን ሙሉ እየተቀጠፈ «ጊዜያዊ» ሠራተኛ ከየት መጣ?

ማሻ ላይ ዝናብ እንግዳ አይደለም። ከጎሬ ወደ ቴፒ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለችው የሸካ ዞን ዋና ከተማ ደመናዋን የምትገልጠው አልፎ አልፎ ነው። በሰኔ አንድ ከሰዓት በኋላ ዝናብ ሸሽቼ በገባሁበት ሻይ ቤት አጠገቤ መኪና ትጠብቅ የነበረች ሴት ከጉያዋ በላስቲክ የተጠቀለለ ደብተር አወጣች። ቀን፣ ኪሎ፤ ቀን፣ ኪሎ። ከአንዳንዱ ቁጥር ጎን አጭር መስመር ተሰምሯል። ምን እንደሆነ ስጠይቃት «የተቆረጠብኝ ነው» አለች። «ቅጠሉ እርጥብ ነው ይሉና ከኪሎው ያነሳሉ።»

ሻይ ቀጣፊ ናት። የየትኛው እርሻ እንደሆነች አልጠየቅኋትም፤ በዚህ ቀጠና ውሽውሽ አለ፣ ጉማሮ አለ፣ ማሻም የራሷ አላት። ስንት ዓመት እንደሠራች ግን ጠየቅኋት። አራት። ቋሚ ሆነሻል? ሳቀች። «ምን ቋሚ፣ ጋሼ! እኛ ጊዜያዊ ነን። ሕጉ ለቋሚ ነው።»

አማርኛ «ቀጣፊ»ን ለሁለት ሰው ሰጥቶታል፤ ቅጠል ለሚቀጥፍና ለሚዋሽ። ይህች ሴት የመጀመሪያዋ ናት። ሕጉ ለቋሚ ብቻ ነው ብሎ የነገራት ሰው ደግሞ ሁለተኛው።

የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሚነሳው ከተቃራኒው ጫፍ ነው። ማንኛውም የሥራ ውል ላልተወሰነ ጊዜ እንደተደረገ ይገመታል ይላል። ለተወሰነ ጊዜ ብቻ መቅጠር የሚፈቀደው ሕጉ ራሱ በዘረዘራቸው ሁኔታዎች ነው። አንዱ ወቅታዊ ሥራ ነው፤ በየዓመቱ እየተደጋገመ ግን በዓመቱ የተወሰነ ክፍል ብቻ የሚሠራ። በበበቃ ወይም በቴፒ እርሻ የቡና ለቀማ ሲደርስ ለጥቂት ወራት ብቻ የሚመጣ ለቃሚ እዚህ ውስጥ ይገባል፤ ቡና ተለቅሞ ያልቃልና። ሻይ ግን አያልቅም። ዝናብ ባለበት አገር የተቀጠፈው ቁጥቋጦ ከሳምንት ሁለት ሳምንት በኋላ እንደገና ለቅጥፊያ ይደርሳል፤ ጥር ይሁን ሐምሌ አይልም። አራት ዓመት ሙሉ እዚያው ማሳ ላይ የቀጠፈች ሴት «ወቅታዊ ናት» የሚል አሠሪ ወቅቱ መቼ ጀምሮ መቼ እንደሚያበቃ ማስረዳት ይኖርበታል። ነገሩ ፍርድ ቤት ቢደርስ እንደ ውሉና እንደ ማስረጃው እንደሚታይ አልክድም። ሆኖም ክርክሩ ከዜሮ አይጀመርም፤ ግምቱ ከሠራተኛዋ ጋር ነው።

ደግሞስ ጊዜያዊ ብትሆን? አዋጁ የቤት ሠራተኛን፣ የሥራ መሪን፣ በራሱ ሕግ የሚተዳደረውን የመንግሥት ሠራተኛና ጥቂት ሌሎችን ከራሱ አውጥቷል። በኪሎ የሚከፈለውን፣ በቀን የሚከፈለውን፣ ኮንትራቱን አላወጣም። የዓመት ፈቃድ ለመጀመሪያው ዓመት 16 የሥራ ቀን ነው፤ ዓመት ያልሞላው እንኳ በሠራው ልክ ይታሰብለታል። (ቀድሞ የነበረው አዋጅ 377/1996 በ14 ቀን ጀምሮ በየዓመቱ አንድ ቀን ይጨምር ነበር፤ የአሁኑ የሚጨምረው በየሁለት ዓመቱ ነው። ለአዲስ ገቢ ጨመረ፣ ረጅም ዘመን ባገለገለው ላይ ቀነሰ። ይህን ሲወራ ብዙም አልሰማሁም።)

«የፈረምኩት ወረቀት የለም፤ ስለዚህ ውል የለኝም» የሚለውም ያው ነው። ውል በቃል ይጸናል። ውሉ በጽሑፍ ካልተደረገ አሠሪው በ15 ቀን ውስጥ የውሉን ፍሬ ነገር ጽፎና ፈርሞ ለሠራተኛው መስጠት አለበት። ባይሰጥ ጥፋቱ የእሱ ነው፤ ሠራተኛው መብቱን አያጣም። «ገና በሙከራ ላይ ነህ» የሚባለውስ? ሙከራ በጽሑፍ መሆን አለበት፣ ከ60 የሥራ ቀን አያልፍም፣ እዚያው አሠሪ ዘንድ ለዚያው ሥራ በተመለሰ ሠራተኛ ላይ ደግሞ ጨርሶ አይደገምም። በየዓመቱ አዲስ «ሙከራ» የሚጀመርበት ለቃሚ ካለ የሚሞከረው ትዕግሥቱ ነው።

ተረቱ ሁሉ ከአለቃ አፍ ይወጣል ማለት አይደለም። ሠራተኛው ራሱ የሚያምናቸው፣ ቢይዛቸው የሚጎዱት አሉ። ትልቁ «መንግሥት ዝቅተኛ ደመወዝ ወስኗል፣ እነሱ ግን አይከፍሉንም» የሚለው ነው። ለግል ድርጅት ሠራተኛ እንዲህ ያለ ወለል በአገር ደረጃ አልተቆረጠም። አዋጁ የደመወዝ ቦርድ ተቋቁሞ ዝቅተኛውን ደመወዝ እንደሚወስን ይናገራል፤ የኢትዮጵያ ሠራተኛ ማኅበራት ኮንፌዴሬሽን (ኢሠማኮ) ሜይ ዴይ በመጣ ቁጥር የሚጠይቀውም ይህንኑ ነው። ውዥንብሩ የመጣው ይመስለኛል የመንግሥት ሠራተኛ እርከን ሲሻሻል ከሚሰማው ዜና፣ በሐምሌ 2017 ደግሞ ከግብር ነፃ የሆነው ወርኃዊ ገቢ ከ600 ወደ 2,000 ብር ከፍ ከማለቱ ነው። ግብር የማይነካው መጠን አንድ ነገር ነው፣ አሠሪ ሊከፍል የሚገደደው ሌላ። የአሁኗን የቀን ሒሳብ ይዞ «ከሕጉ በታች ነው» ብሎ የሚከስ ሰው ባዶ እጁን ይመለሳል። ቅሬታው እውነት ነው፤ የሚፈታው ግን በኅብረት ስምምነት ድርድር ነው።

የበዓል ቀንም እንዲሁ ነው። በወር ደመወዝ የሚከፈለው በበዓል ቀን ስላልሠራ አይቀነስበትም፤ በቀን ወይም በኪሎ የሚከፈለው ግን ውሉ ወይም የኅብረት ስምምነቱ እንደሚለው ነው። በበዓል ቀን ትርፍ ሰዓት ከሠራ ያኔ ሁለት እጥፍ ተኩል ይታሰብለታል። በሳምንቱ የዕረፍት ቀን ሁለት እጥፍ ነው። በሥራ ቀን ከ8 ሰዓት በላይ ለሚሠራ ትርፍ ሰዓት ደግሞ እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት አንድ ተኩል፣ ከ4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት 1.75 እጥፍ። ቡና ሲደርስ መፈልፈያ ቤት ሌሊቱን ሙሉ የሚያድረው ሠራተኛ ይህችን ቁጥር በቃሉ ቢይዛት አይከፋም። ትርፍ ሰዓት በቀን ከ4፣ በሳምንት ከ12 ሰዓት እንዳይበልጥም ተገድቧል።

ወደ ደብተሩ ልመለስ። አሠሪ ከደመወዝ እንደፈለገ አይቆርጥም። ሕግ፣ የኅብረት ስምምነት፣ የሥራ ደንብ፣ የፍርድ ቤት ትእዛዝ ወይም የሠራተኛው የጽሑፍ ስምምነት ያስፈልገዋል፤ ያም ሆኖ ከወር ደመወዙ አንድ ሦስተኛ አያልፍም። በዱቄት ወይም በበቆሎ የሚከፈል ካለ በስምምነት መሆን አለበት፣ ዋጋው ከገበያው አይበልጥም፣ በጥሬ ገንዘብ ከሚከፈለው ደግሞ ከ30 በመቶ አይበልጥም። «ለእርጥበት» የሚነሳው ኪሎ ግን ተንኮለኛ ነው፤ ፔሮል ላይ ተቀናሽ ተብሎ አይታይም፣ ሚዛኑ ላይ አልቆ ነው የሚመጣው። እርጥብ ቅጠል ውኃ መያዙ እውነት ነው። ስንት ኪሎ ላይ ስንት እንደሚነሳ ቀድሞ ተጽፎ ሁሉም ካላወቀው ግን ያ መለካት አይደለም፣ መገመት ነው፤ ግምቱም ሁልጊዜ ወደ አንድ ወገን ያዘነብላል። እንዲህ ላለው ነገር የሴትዮዋ ዓይነት ደብተር ከአሥር ምስክር ይሻላል።

«ጡረታ የመንግሥት ሠራተኛ ነው» ማለት ከሐምሌ 2003 ወዲህ ያረጀ ወሬ ነው። የግል ድርጅት ሠራተኛ 7 በመቶ፣ አሠሪው 11 በመቶ ያዋጣሉ። 7ቱ ከፔሮል መቆረጡን ብቻ አይቶ ዝም ማለት አይገባም፤ ከ11ዱ ጋር ለጡረታ ገቢ መሆኑም ይጠየቃል። ያረገዘች ሴት በእርግዝናዋና ከወለደች በኋላ ባሉት አራት ወራት አትባረርም፤ የወሊድ ፈቃዷ ከመውለዷ በፊት 30፣ ከወለደች በኋላ 90 ቀን ነው፣ ከነደመወዙ።

ራሱ የለቀቀ ሠራተኛ ምንም አይደርሰውም የሚባለው ግማሹ ልክ ነው። የሠራበት ደመወዝና ያልወሰደው የዓመት ፈቃድ በምንም ምክንያት ቢወጣ ይከፈለዋል፤ የሚከፈለውም በሰባት የሥራ ቀን ውስጥ ነው። ስንብት ግን በፈቃዱ ለሚለቅ የሚገባው አምስት ዓመት ሲሞላው ነው። ሻይ ቀጣፊዋ አንድ ዓመት ይጎድላታል። ይህን ስነግራት መልስ አልሰጠችኝም፤ ጣቷን አጠፈች፣ ምናልባት ትቆጥር ነበር።

ማኅበር መመሥረት ማመፅ አይደለም። አሥር ሠራተኛ ባለበት ድርጅት ማቋቋም ይቻላል፣ በማኅበር አባልነት ወይም በአሠሪ ላይ ክስ በማቅረብ ምክንያት ማሰናበትም ሕገወጥ ነው። የእርሻ ሠራተኛ ማኅበራት በኢሠማኮ ሥር የራሳቸው ፌዴሬሽን አላቸው። ማሳው ላይ ያለው ፍርሃት ከአንቀጹ ይበልጣል፣ አውቃለሁ።

ከሁሉ ብዙ ሰው የሚጥለው ተረት ግን የዋህ የሚመስለው ነው፦ «እውነት አይሞትም፤ ቀን ሲወጣልን እንጠይቃለን።» በሥራ ክርክር እውነት ይሞታል፤ ዕድሜውም አጭር ነው። ያልተከፈለ ደመወዝ፣ ትርፍ ሰዓትና የመሳሰለው ሊከፈል ከሚገባበት ቀን ጀምሮ በ6 ወር ውስጥ ካልተጠየቀ በይርጋ ይታገዳል። ያለአግባብ ተባርሬአለሁና ወደ ሥራዬ ልመለስ የሚል ደግሞ ያለው 3 ወር ብቻ ነው። ሽማግሌ ልልክ፣ አዲሱ ሥራ አስኪያጅ እስኪመጣ ልጠብቅ፣ ለቀማው ይለፍ እያለ ስንቱ ጥያቄውን በኪሱ እንደያዘ ጊዜው አለፈበት። ሰው እስከ አሁን «ሠራተኛና ማኅበራዊ» እያለ የሚጠራው የሥራና ክህሎት ጽሕፈት ቤት ሄዶ ማመልከት ይቻላል። የግል ቅሬታ በሥራ ክርክር ችሎት ይታያል፣ ሠራተኛ የዳኝነት ገንዘብ አይከፍልም፣ የመጀመሪያው ፍርድ ቤትም በ60 ቀን ውስጥ እንዲወስን አዋጁ ያዛል። ስልሳው ቀን ሁልጊዜ ስልሳ ነው ብዬ ግን አልምልም።

ዝናቡ ሲያባራ ሴትዮዋ ደብተሩን ወደ ላስቲኩ ከመመለሷ በፊት የመጀመሪያውን መስመር ፈለግን። የተሰመረው በጥቅምት ነበር።