579,000 ፍሬም

እ.ኤ.አ. በ1948 የወጣው «ዘ ሬድ ሹዝ» የተባለው የእንግሊዝ ፊልም 134 ደቂቃ ይፈጃል። በሰከንድ 24 ፍሬም ስለሚሮጥ ወደ 193,000 ፍሬም አለው ማለት ነው። ይህ ብቻ ቢሆን ደግ ነበር። ነገር ግን የተቀረጸበት የቴክኒከለር ካሜራ ቀዩን፣ አረንጓዴውንና ሰማያዊውን ብርሃን ለይቶ በሦስት ኔጋቲቮች ላይ በአንድ ጊዜ ያነሳ ስለነበር፣ ፊልሙ ሲታደስ ጽዳት የሚጠብቀው ፍሬም 579,000 ደረሰ። ኔጋቲቮቹ ጫፍ ለጫፍ ተገጣጥመው ቢዘረጉ 11 ኪሎ ሜትር ይሆናሉ።

ሦስቱንም ሻጋታ በልቷቸዋል። ጉድፉ በአንዱ ኔጋቲቭ ላይ ሲያርፍ የሚዛባው የዚያ ኔጋቲቭ ቀለም ብቻ ነው፤ ስለዚህ ፊልሙን የወረረው ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ ነጠብጣብ ነበር። ጭረቱ ደግሞ በሺህ ይቆጠራል።

የአንዲት ብናኝን ጉልበት እንይ። የ35 ሚሊ ሜትር ፊልም ፍሬም ወርዱ 22 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። 10 ሜትር ስፋት ባለው ስክሪን ላይ ከ450 ጊዜ በላይ ይገዝፋል። የሚሊ ሜትር አንድ ሃያኛ የምታህል፣ ዓይን በግድ የሚያያት ብናኝ በፊልሙ ባለሪና ጉንጭ ላይ ከ2 ሴንቲ ሜትር የሚበልጥ ጉድፍ ሆና ትወጣለች።

አንድ ባለሙያ ለእያንዳንዱ ፍሬም አንድ ደቂቃ ብቻ ቢሰጥ፣ በቀን 8 ሰዓት፣ በሳምንት 5 ቀን እየሠራ ከ4 ዓመት ተኩል በላይ ይፈጅበታል። ኮምፒውተር የግድ የሆነው ለዚህ ነው። ሶፍትዌሩ አንዱን ፍሬም ከቀዳሚውና ከተከታዩ ጋር ያስተያያል። ብናኝ አንድ ፍሬም ላይ ብቅ ብሎ በሚቀጥለው ይጠፋል፤ ሰው ግን በሰከንድ አንድ ሃያ አራተኛ ውስጥ ተነሥቶ የትም አይሄድም። ስለዚህ ሶፍትዌሩ የጎደፈችውን ቦታ ከጎረቤት ፍሬም ቀድቶ ይደፍናታል። ከላይ እስከ ታች በብዙ ፍሬሞች ላይ የሚወርድ ጭረት ሲገጥመው ግን ይህ ዘዴ ይከሽፍበታል። ለቀለም ፊልም በኢንፍራሬድ ብርሃን ብናኝን ነጥሎ የማየት ዘዴም አለ፤ የቴክኒከለር ኔጋቲቮች ግን ጥቁርና ነጭ ናቸው፣ በውስጣቸው ያለው ብር ኢንፍራሬዱን ስለሚያግደው ለእነሱ አይሠራም።

ከማጥፋቱ ይልቅ የሚከብደው አለማጥፋቱ ነው። ሶፍትዌር የዝናብ ጠብታን፣ የእሳት ፍንጣሪን፣ በአየር ላይ ያለች ኳስን ቆሻሻ ናት ብሎ ሊሰርዝ ይችላል። የፊልሙን የተፈጥሮ ቅንጣት ከጠረገው ደግሞ የሰው ፊት ሰም ይመስላል። በመጨረሻ የሚፈርደው የሰው ዓይን ነው።

የአሜሪካው ዩኒቨርሲቲ የዩሲኤልኤ የፊልም ቤተ መዛግብት የመራው ይህ እድሳት እ.ኤ.አ. በ2009 በካን የፊልም ፌስቲቫል ታየ። ይህ የሆነው የተበሉት ኔጋቲቮች ሳይጣሉ ስለቆዩ ነው። እናንተም የወላጆቻችሁ ሠርግ የተቀረጸበት የፊልም ጥቅል ቤታችሁ ካለ፣ ሻጋታ እርጥበት ስለሚወድ ደረቅና ቀዝቃዛ ቦታ አስቀምጡት። ወደ ዲጂታል ካስገለበጣችሁት በኋላም ዋናውን አትጣሉት።