አሮጌውን ጊታር መልሶ ማናገር

ለዓመታት ግድግዳ ተደግፎ የቆየ አኮስቲክ ጊታር ሲገኝ ባለቤቱ መጀመሪያ የሚያዝነው ለመልኩ ነው። ቫርኒሹ ተልጧል፣ ጠርዙ ተፈጋፍጓል፤ ይፋቅ፣ ይቀባ ይባላል። መልኩ ግን ሊቆይ ይችላል። ጊታርን የሚያናግረውም የሚያፈርሰውም የክሩ ውጥረት ነው።

ስድስቱ የብረት ክሮች ሲቃኙ በአንድ ላይ ወደ 70 ኪሎ ግራም በሚጠጋ ኃይል ይስባሉ። ይህን ሸክም የሚችለው 3 ሚሊ ሜትር ገደማ ውፍረት ያለው የፊት ጣውላ ነው። ከወፈረ ድምፁ ይታፈናል፤ ከሳሳ ይጎብጣል። በዚህ ምክንያት ከውስጥ በኩል ቀጫጭን ማገሮች ይለጠፉበታል። እ.ኤ.አ. በ1833 ከጀርመን ወደ አሜሪካ የተሰደደው ክርስቲያን ፍሬድሪክ ማርቲን በ1840ዎቹ ማገሮቹን አጣምሮ በመስቀል ቅርጽ አዋቀራቸው፤ የዛሬዎቹ የብረት ክር ጊታሮች አብዛኞቹ ይህንኑ ይከተላሉ። የናይለን ክር ጊታር ግን አሠራሩ ሌላ ነው፤ የሚችለውም ውጥረት በጣም ያነሰ ነው። በእሱ ላይ የብረት ክር መወጠር ጊታሩን መግደል ነው፤ ስንቱ ጥሩ ጊታር የጠፋው በዚህ ነው።

የፊቱ ጣውላ ምን ያህል ወሳኝ እንደሆነ ስፔናዊው አንቶኒዮ ዴ ቶሬስ እ.ኤ.አ. በ1862 አሳይቷል፤ ጎንና ጀርባውን ከካርቶን፣ ፊቱን ብቻ ከእንጨት አድርጎ ጊታር ሠራ። እንግዲህ ፊቱን በብርጭቆ ወረቀት የሚፍቅ ሰው የሚያነሳው ቫርኒሽ ብቻ አይደለም፤ ከድምፁም ይፍቃል።

ጥገናው ከማየት ይጀምር። ክሮቹ ከታች የሚታሰሩበትን ብሪጅ በጀርባው በኩል ተመልከቱ፤ ስስ ወረቀት ከሥሩ ከገባ እየተነቀለ ነው ማለት ነው። ክሩ በ12ኛው ፍሬት፣ ማለትም አንገቱ ላይ በተርታ ከተተከሉት ቀጫጭን ብረቶች በ12ኛው፣ ላይ ያለውን ከፍታ ለኩ። ከ2 እስከ 3 ሚሊ ሜትር ከሆነ መልካም ነው፤ 5 ከደረሰ ጣት ያደማል። ቀጥሎ በመስተዋትና በትንሽ ባትሪ መብራት ውስጡን መርምሩ። የላላ ማገር ፊቱ በጣት ሲንኳኳ ይንቀጫቀጫል፤ ጆሮ ከዓይን ቀድሞ ያገኘዋል።

የድሮ ሠሪዎች ይጠቀሙበት የነበረው ከእንስሳት ቆዳ የሚፈላ ኮላ በሙቀትና በእርጥበት ይለቃል። ታላቅ ጥበብ ነው፤ ከመቶ ዓመት በኋላ የሚመጣ ጠጋኝ እንጨቱን ሳይሰብር ብሪጁን አንሥቶ፣ አጽድቶ፣ በሞርሳ አጥብቆ መልሶ ሊያጣብቀው ይችላል። የሱቅ ፈጣን ማጣበቂያ ያፈሰሰ ሰው ይህን በር ይዘጋበታል። አንገቱ ከገላው ጋር ያለው ማዕዘን ከተዛባ ግን ጉዳዩ የባለሙያ ነው፤ ቤት ውስጥ አይሞከርም።

የበጋው ደረቅ አየርም እንጨት ይሰነጥቃል። ጊታሩን ከፀሐይ አርቆ በሣጥኑ ውስጥ ማስቀመጥ፣ አጠገቡም እርጥብ ስፖንጅ በተበሳ ዕቃ ማኖር ብዙ ወጪ ያድናል።

ጥገናው ሲያበቃ አዲስ ክር ይወጠራል፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀጭኑ ዓይነት ይበቃል። አዲስ ክር ለጥቂት ቀናት ስለሚረግብ ደጋግሞ መቃኘት ግድ ነው። ለመፈተኛ የምመርጠው ሙሉ ትዝታን ነው፤ ምክንያቱም በተለመደው ቅኝት ጊታሩ ባዶ ክሮቹን ብቻ ቢመታ የሚሰጠው ሶል፣ ላ፣ ሲ፣ ሬ እና ሚ ነው፤ ከሶል የሚነሣው የሙሉ ትዝታ አምስቱ ድምፆችም እነዚሁ ናቸው። ሦስተኛውን ክር ባዶውን ምቱ፤ ቀጥሎ እዚያው ክር ላይ 2ኛውን ፍሬት ያዙ። ሁለተኛውን ክር ባዶውን፣ ከዚያ 3ኛ ፍሬቱን፣ በመጨረሻም አንደኛውን ክር ባዶውን። ከአምስቱ አንዱ ቢንዘረዘር ወይም ከሌሎቹ ቢደነዝዝ የትኛው ፍሬት ወይም የትኛው የክር ማሳለፊያ ገና ሥራ እንደሚፈልግ ወዲያው ይለያል።