የእንስሳት ደም፦ ሥራው፣ ልዩነቱና ለአርቢው የሚሰጠው ምልክት



ፍየል ስትገዙ ጥርሷን ታያላችሁ፣ ወገቧን ትዳስሳላችሁ። ከዛሬ ጀምሮ የዓይኗን ሽፋን ውስጠኛ ክፍልም ተመልከቱ። ደሟ መጉደል አለመጉደሉ እዚያ ይታያል።

1. ደም ምን ይሠራል?

ደም ከሳንባ ኦክስጅን፣ ከአንጀት ምግብ ተቀብሎ ለመላ አካል ያደርሳል። ቆሻሻን ወደ ኩላሊት ይወስዳል፣ በሽታ ተከላካይ ነጭ ሕዋሳትን ይሸከማል፣ ቁስል ሲኖር ረግቶ ይዘጋል። ቀይ የሚያደርገው ብረት ያለበት ሂሞግሎቢን ነው፤ ኦክስጅን የሚሸከመውም ይኸው ነው። 25 ኪሎ ግራም የምትመዝን ፍየል ያላት ደም 2 ሊትር ቢጠጋ ነው።

2. ደም በእንስሳት መካከል እንዴት ይለያያል?

• ላም፣ በግና ፍየል፦ ቀይ የደም ሕዋሳቸው ክብ ነው፤ የፍየል እጅግ ትንሽ ነው። የላም ቀይ ሕዋስ ከ4 ወር በላይ ይኖራል።
• ዶሮ፦ ቀይ ሕዋሷ ሞላላ ነው፤ የሚኖረውም አንድ ወር ገደማ ብቻ ነው። የአንዲት ጫጩት ደም ከጥቂት የሻይ ማንኪያ አይበልጥም። ስለዚህ ኩሷ ላይ ደም ካያችሁ (የኮክሲዲዮሲስ ምልክት ሊሆን ይችላል) ለነገ አታሳድሩ።
• ግመል፦ ቀይ ሕዋሱ ሞላላ ነው። ውሃ ሲጠማው በወፈረው ደም ውስጥ በቀላሉ ይዘዋወራል፤ ብዙ ውሃ በአንዴ ሲጠጣም ሳይፈነዳ ያብጣል።
• ንብ፦ ቀይ ደም የላትም። በሰውነቷ ውስጥ ያለው ፈሳሽ ምግብ እንጂ ኦክስጅን አያመላልስም፤ አየር የምትስበው በጎኗ ባሉ ቀዳዳዎች ነው። ፀረ ተባይ መርጨት ግድ ከሆነ ንቦች ወደ ቀፎ ከገቡ በኋላ ማታ እርጩ።

3. የገረጣ ዓይን ምን ይነግረናል?

በክረምትና በመስከረም ግጦሹ ሲረጥብ ደም መጣጭ የጨጓራ ትል (ሂሞንከስ) ይበዛል። 1,000 ትል በቀን 50 ሚሊ ሊትር ያህል ደም ያሳጣል፤ ይህም አንድ የቡና ሲኒ ለመሙላት ጥቂት የሚቀረው ነው። ትሉ ብዙ ጊዜ ተቅማጥ ስለማያስከትል አርቢው ሳያውቀው እንስሳው ይሞታል።

• ቀይ ወይም ደማቅ ሮዝ፦ ጤናማ ነው።
• የፈዘዘ ሮዝ፦ በየሳምንቱ ተከታተሉ።
• ነጭ፣ ወይም በመንጋጋ ሥር እብጠት፦ ሳትዘገዩ ለእንስሳት ጤና ባለሙያ አሳዩ።

መግርጣት ከመዥገርና መዥገር ከሚያስተላልፋቸው የደም በሽታዎችም ይመጣል። ስለዚህ መድኃኒት በግምት አትስጡ፤ በክብደት ልክ፣ በባለሙያ ምክር ይሁን። በበጋ የምትቀልቡት በለስም ውሃ ይሰጣል እንጂ ብቻውን ደም አይተካም፤ አልፋልፋ፣ ሰስባንያ ወይም ፋጉሎ ጨምሩበት።

4. የማይረጋ ደም፦ አደጋ!

ደህና የዋለች ላም በድንገት ወድቃ ሞታ፣ ከአፍንጫዋ፣ ከአፏ ወይም ከፊንጢጣዋ ጥቁር የማይረጋ ደም ከፈሰሰ አባ ሰንጋን ጠርጥሩ። «ሥጋዋ ከሚባክን» ብላችሁ አትረዱ፣ አትግፈፉ፣ ለውሻም አትስጡ። ደሙ አየር ሲያገኝ ጀርሙ ጠንካራ ሽፋን ለብሶ በአፈር ውስጥ ለብዙ ዓመታት ይቆያል፤ በሽታው ሰውንም ይገድላል። ሬሳው ሳይከፈት ሰውና ከብት እንዳይጠጋ አድርጉ፤ ወዲያው ለጣቢያችሁ የእንስሳት ጤና ባለሙያ አሳውቁ፤ በእርሱ መሪነት ይቃጠል ወይም በጥልቀት ይቀበር። የአንድ ላም ሥጋ ቢቀር ኪሳራው የአንድ ላም ነው፤ ቢበላ ግን የቤተሰብ ሕይወት ሊሆን ይችላል። መከላከያው በየዓመቱ ማስከተብ ነው።

የመስክ ሥራ፦ መቐለ ከዚህ ሥልጠና ስትመለሱ የሁሉንም በግና ፍየል ዓይን ገልጣችሁ እዩ፤ የገረጡትን ቆጥራችሁ መዝግቡ። ከዚያም ለአምስት ጎረቤቶቻችሁ አሠራሩን አሳዩ።