ከወለል ወደ ምላስ፦ የቤት ማጽጃ፣ ሽቶና ጭስ ለድመት

የተወለወለ ወለል ሳይደርቅ ቀድማ የምትረግጠው ብዙ ጊዜ ድመት ናት። ሰው ጫማ አለው፤ እስኪደርቅም ይጠብቃል። ድመት ግን እርጥቡን ሴራሚክ በባዶ መዳፏ አቋርጣ ሶፋ ላይ ትወጣና መዳፏን፣ ሆዷን፣ ጭራዋን ተራ በተራ ትልሳለች። ነቅታ ከምትውልበት ጊዜ ቀላል የማይባለው የሚያልፈው በዚሁ ሥራ ነው። ምላሷ ላይ ያሉት ወደ ኋላ የታጠፉ ጥርስ መሰል ሻካራ እሾሆች ፀጉሯ ላይ ያገኙትን ሁሉ ጠርገው ወደ ጉሮሮዋ ያስገባሉ። እኛ ማጽጃን የምንፈራው ሲሰነፍጠን ወይም እጃችንን ሲልጠን ነው። ለድመት ግን ከሚሸተው ይልቅ ወለሉ ላይ የሚቀረው ይብስባታል፤ ሽታው ከጠፋ በኋላም መድኃኒቱ መዳፏ ላይ ሊኖር ይችላል።

አፏ የወሰደውን የሚቀበለው ጉበቷም ከእኛ ይለያል። የሰውና የውሻ ጉበት እንደ ፊኖል ያሉ ኬሚካሎችን ግሉኩሮኒክ አሲድ ከተባለ ንጥረ ነገር ጋር አጣምሮ በሽንት ያስወጣል። ለዚህ ሥራ ከሚያስፈልጉት ኢንዛይሞች ዋነኛውን የሚያስገኘው ዩጂቲ1ኤ6 የተባለው ዘረመል በድመት ላይ የተበላሸና ሥራ ያቆመ ነው። በአንበሳና በአቦሸማኔም እንዲሁ ነው። ዘራቸው ሥጋ ብቻ እየበላ ስለኖረ የዕፅዋትን መርዝ የሚያጣራው መንገድ ሳያስፈልገው ቀርቶ ጠፍቷል ብለው ተመራማሪዎች ያስባሉ። ለሰው ራስ ምታት የሚሰጥ አንድ ባለ 500 ሚሊግራም የፓራሲታሞል ክኒን ድመትን ሊገድል የሚችለውም በዚሁ ምክንያት ነው። በዚያ ላይ አንዲት ጎልማሳ ድመት ብዙ ጊዜ ከ3 እስከ 5 ኪሎ ብትመዝን ነው። ለሰው ከቁጥር የማይገባ ጠብታ ለእሷ ብዙ ነው።

ከዚህ አንጻር ሲታይ በየቤቱ ካሉት ማጽጃዎች እኔ ከሁሉ አስቀድሜ የምጠረጥረው የፊኖል ወገን የሆኑትን የጀርም መግደያዎች ነው። ውሃ ላይ ጠብ ሲል ወተት መስሎ የሚነጣው ዴቶል ከነዚህ ይመደባል። ቡናማው ፈሳሽ ክሎሮዛይሌኖል የተባለ የፊኖል ዘር 4.8 በመቶ ያህል ይዟል፤ ከጥድ የሚወጣ ዘይትና አልኮልም አለበት። ለከብት በረትና ለውሻ ቤት የሚረጨው ክሪኦሊንም የዚሁ ቤተሰብ ነው። ቁንጫ ይለቃታል ብለው ድመታቸውን በዴቶል የሚያጥቡ ሰዎች አሉ። ይህን ልማድ ማስቆም ያስፈልጋል። ቆዳዋ ይመጠዋል፣ ምላሷ ይጨምርበታል፣ ጉበቷ ደግሞ በቀላሉ አያስወጣውም። ለሃጯ ይዝረበረባል፣ አፏ ይቆስላል፣ ትንገዳገዳለች፤ ሲብስም ጉበቷ ይጎዳል። ለሰው ቁስል የታመነ መድኃኒት መሆኑ ለድመት ምንም ዋስትና አይሰጥም።

ቀጥሎ የሚመጣው ቤንዛልኮኒየም ክሎራይድ ነው። ስሙን ብዙ ሰው አያውቀውም እንጂ ከኮቪድ ወዲህ በየቤቱ፣ በየቢሮውና በየክሊኒኩ የገባው "99.9 በመቶ ጀርም ይገድላል" የሚለው መርጫ፣ የወለል ማጽጃና እርጥብ መጥረጊያ ወረቀት ብዙው የሚሠራው በእሱ ወይም በዘመዶቹ ነው። ተንኮሉ መዘግየቱ ላይ ነው። ድመቷ እርጥቡን ረግጣ መዳፏን ስትልስ ወዲያው ምንም ላይታይባት ይችላል። ከሰዓታት በኋላ፣ አንዳንዴም ከግማሽ ቀን በኋላ ምግብ እምቢ ትላለች፤ ትተኩሳለች፤ አገጯ በለሃጭ ይረጥባል። አፏ ሲከፈት የምላሷ ጫፍና ዳር ቀልቶና ተልጦ ይገኛል። ባለቤቱ ጠዋት የተወለወለውን ወለል ስለረሳ የዓሣ አጥንት ወጋት ወይም ጉንፋን ያዛት ብሎ ያስባል።

እዚህ ላይ መጠን ወሳኝ ነው። በትክክል የተበጠበጠ፣ በንጹሕ ውሃ የተለቀለቀና የደረቀ ወለል ብዙ አያሳስብም። ችግሩ መለካቱ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ በጀሪካን ተቀድቶ በሃይላንድ ጠርሙስ እየተሞላ የሚሸጥ ፈሳሽ ሳሙናና በረኪና ብዙ ነው፤ ላዩ ላይ ምን እንደያዘ፣ ስንት እጅ ውሃ እንደሚፈልግ የተጻፈበት ነገር የለም። "አረፋው ይብዛ" ተብሎ በግምት ይጨመራል። ድመት ወይም ሕፃን ያለበት ቤት ከዚህ ዓይነቱ ማጽጃ ይልቅ ስሙና መጠኑ የተጻፈበትን ቢገዛ ይሻላል፤ አቅም ካልፈቀደ ደግሞ አንድ እፍኝ ኦሞና ሙቅ ውሃ ወለልን በደንብ ያጸዳል።

በረኪና ስሙ ከሁሉ በላይ የከፋ ነው። ሳይበጠበጥ ምላስንና ዓይንን ያቃጥላል፤ ባልዲ ውስጥ የተረሳ በረኪናም ሊጠጣ ይችላል። ነገር ግን ቀጥኖ፣ ተለቅልቆና ደርቆ ከሆነ ከፊኖሎቹ ይልቅ ለድመት የሚቀል ይመስለኛል፤ ጉበቷ ላይ የሚከማች ነገር አይደለም። አንዳንድ ድመቶች እንዲያውም የክሎሩ ሽታ ይስባቸውና በረኪና የነካው ጨርቅ ላይ ይንከባለላሉ፤ ስለዚህ "ሽታው ያባርራታል" ብሎ መተማመን አይቻልም። ትልቁ አደጋ መቀላቀሉ ነው። በረኪና ከሽንት ቤት አሲድ ጋር ሲገናኝ ክሎሪን ጋዝ ይወጣል። ከአሞኒያ ጋር ሲገናኝ ደግሞ ክሎራሚን ይፈጠራል፤ የድመት ሽንት ራሱ አሞኒያ አለበት። ድመቷ የምትጸዳዳበትን የአሸዋ ሳህን በበረኪና ማጠብ ስለዚህ ለአጣቢውም ለእሷም መጥፎ ነው። ክሎሪን ከአየር ከሁለት እጥፍ በላይ ስለሚከብድ ወደ ታች ይወርዳል፤ ወለሉ ጥግ የተኛችው ድመት ቆሞ ከሚሠራው ሰው ይልቅ ብዙ ትስባለች። ሳህኑን በሙቅ ውሃና በተራ ሳሙና ማጠብ ይበቃል።

ስለ ሽታ ሲነሳ የእኛ ቤት የራሱ ታሪክ አለው። ቡና ሲፈላ እጣን ይጨሳል፤ ሰንደል በየሱቁ አለ፤ ለበሽታና ለክፉ ነገር ቀበርቾ ይታጠናል። ይህን ሁሉ ድመት ስላለች ይቅር ማለት የሚቻል አይመስለኝም፤ አስፈላጊም አይደለም። በሩ በተከፈተበት ቤት፣ ድመቷ እንዳሻት ወጥታ በምትመለስበት ጊዜ፣ አጭር የእጣን ጭስ ጤነኛ ድመትን ያን ያህል አይጎዳም። በውጭ አገር ያለው ሁኔታ ግን ሌላ ነው። ዋሽንግተን አካባቢ ወይም ስቶክሆልም በክረምት መስኮቱ በተዘጋ ጠባብ አፓርታማ ውስጥ በኤሌክትሪክ ማጨሻ እጣን ሲታጠን ጭሱ የሚሄድበት የለውም። ከቤት የማትወጣው ድመትም አብራው ትውላለች። ድመት እንደ ሰው አስም ይይዛታል። ሲነሳባት መሬት ላይ ዝቅ ብላ አንገቷን ወደ ፊት ትዘረጋና ደጋግማ ትስላለች። ብዙ ሰው ፀጉር አንቋት ልታስታውክ ነው ብሎ ያልፈዋል። ካሳለች በኋላ ምንም ፀጉር ካልወጣና ነገሩ ከተደጋገመ ግን ሳንባዋ መታየት አለበት። ለእንዲህ ያለችው ድመት እጣኑም፣ ሰንደሉም፣ ሲጋራውም፣ ከቆርቆሮ የሚነፋው ኤር ፍሬሽነርም ጠላቷ ነው።

ከጭሱ ይልቅ ዘይቱ ይከፋል። ከዕፅዋት ተጨምቀው የሚወጡት ጥሩ መዓዛ ያላቸው ዘይቶች፣ የሻይ ዛፍ ዘይት፣ የባሕር ዛፍ፣ የቅርንፉድ፣ የቀረፋ፣ የናና፣ የብርቱካን ልጣጭ ዘይት፣ ብዙዎቹ ከነዚያው ፊኖሎች ወይም የድመት ጉበት ከሚቸገርባቸው ሌሎች ውህዶች የተሠሩ ናቸው። ሶኬት ላይ የሚሰካው ወይም እንጨት የሚነከርበት መዓዛ ሰጪ ጥቃቅን ጠብታ ወደ አየር ይለቃል፤ ጠብታው ፀጉሯ ላይ ያርፍና በምላሷ በኩል ይገባል። ጠርሙሱን ከደፋችው ደግሞ ጉዳቱ ወዲያው ነው። አሜሪካ ውስጥ በሻማ እየሞቀ ቤት የሚያውደው ፈሳሽ መዓዛ በተለይ መጥፎ ነው፤ ዘይቱ ላይ አፍ የሚያቆስል የቤንዛልኮኒየም ዓይነት ሳሙና ይጨመርበታል። ቁንጫ ለማባረር ያልተበረዘ የሻይ ዛፍ ዘይት ጀርባዋ ላይ ማድረግ ድመትን ለመንቀጥቀጥና ለመንገዳገድ ዳርጓል። በእኛ ዘንድ ለጉንፋን የባሕር ዛፍ ቅጠል ተቀቅሎ ሲታጠኑበት ድመቷን ከክፍሉ ማስወጣት ይገባል።

የተባይ መርዝ ከማጽጃ ጋር አንድ መደርደሪያ ላይ ስለሚቀመጥ እዚህ መነሳት አለበት። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ በቦርኒዮ ደሴት፣ ሳራዋክ ውስጥ ለወባ መከላከያ የቤት ግድግዳዎች ዲዲቲ ሲረጩ ድመቶች በብዛት ሞቱ። ግድግዳውን ታክከው ፀጉራቸውን በመላስ መርዙን እንደወሰዱ ይታመናል። አይጥ ስለበዛም በ1960 የእንግሊዝ አየር ኃይል ድመቶችን በፓራሹት አወረደ። ዛሬ በዲዲቲ ቦታ የገቡት ፓይረትሮይዶች ለሰው ይቀላሉ፤ ከነሱ አንዱ የሆነው ፐርመትሪን ግን ለድመት ገዳይ ነው። ለውሻ ጀርባ ተብሎ የተሠራውን የቁንጫ ጠብታ ለድመት ማድረግ እንቅጥቅጥና መንፈራገጥ ያመጣል። ፍሊት ሲነፋ ድመቷም የምግብ ሳህኗም ከክፍሉ ይውጡ፤ ክፍሉ ተናፍሶ ሲደርቅ ትመለስ። ለእርሻ የተሠራ መርዝ አምጥቶ ለትኋን መርጨት ግን ለሰውም ለድመትም መርዝ ነው።

ቁም ሣጥን ውስጥ ለብል የሚቀመጠው ናፍታሊንም ቀላል አይደለም። የድመት ሄሞግሎቢን እንዲህ ባለው ኬሚካል የሚጠቁ 8 ቦታዎች አሉት፤ ከሌሎች እንስሳት ብዙዎች ይበልጣል። ቀይ የደም ሕዋሷ ይፈርሳል፣ ድዷ ይገረጣል።

አገር በቀል ከሆነ ችግር የለውም የሚለው ሐሳብ ያሳስበኛል። እንዶድ ልብስን የሚያጸዳው ሳፖኒን ስላለው ነው፤ ኢትዮጵያዊው ተመራማሪ ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ አካባቢ ልብስ በእንዶድ ከሚታጠብበት ቦታ በታች የሞቱ ቀንድ አውጣዎችን ያስተዋሉት በዚሁ ኃይሉ ነው። ዱቄቱ አፍንጫና ዓይን ያቃጥላል፤ ድመት በተኛችበት አይወቀጥ። የአመድ ውሃ ዕቃ የሚያነጣው እንደ ካስቲክ ሶዳ የሚያቃጥል ባሕርይ ስላለው ነው። ነጭ ጋዝ ለፓርኬት ወይም ለትኋን ሲቀባ ከሁሉ ይብሳል፤ ፀጉሯን ስትልስ ወደ ሳንባዋ ከገባ የሳንባ ምች ያስከትላል።

የነካት ነገር ከታወቀ መጀመሪያ መላሷን ማስቆም ነው፤ በፎጣ ጠቅልሎ መያዝ ይረዳል። ከዚያ መዳፏንና ፀጉሯን ለብ ባለ ውሃና በለስላሳ ሳሙና አጥቦ ማድረቅ። በጨው ውሃ ወይም በጣት እንድታስታውክ ማድረግ አይገባም፤ የሚያቃጥለው ነገር ሲመለስ ጉሮሮዋን ሁለተኛ ያቆስላል፣ ነጭ ጋዝ ከሆነም ወደ ሳንባ ይገባል። ወተት መርዝ ያረክሳል የሚለውም እዚህ አይሠራም፤ ናፍታሊን በስብ ስለሚሟሟ ወተቱ ወደ ደም መግባቱን ሊያግዘው ይችላል። የሰው የሕመም ማስታገሻ ፈጽሞ አይሰጣት። አሜሪካ ያሉ አንባቢዎች የኤኤስፒሲኤ የእንስሳት መርዝ መቆጣጠሪያ ማዕከል ቀንም ሌትም ስልክ እንደሚያነሳ ይወቁ፤ ክፍያ ሊጠይቅ ይችላል። በእኛ አገር የእንስሳት ሐኪሞች ሥልጠና በዋናነት ለከብት፣ ለበግና ለዶሮ ነው፤ ድመት አዘውትሮ የሚያይ ክሊኒክ የት እንዳለ አስቀድሞ መጠየቅ ይበጃል። ሲኬድ ጠርሙሱን ወይም ፎቶውን ይዞ መሄድ፣ ምን እንደነካት፣ ስንት ሰዓት ላይ እንደሆነና ምን ያህል እንደተበጠበጠ መናገር ያስፈልጋል። ማጽጃው ያለ ስም በሃይላንድ የተገዛ ከሆነ ጥቂቱን ከነጠርሙሱ መያዝ ነው፤ ሐኪሙ ውሃ ላይ ጠብ ሲያደርገው መንጣቱን፣ አረፋውንና ሽታውን አይቶ ከየትኛው ወገን እንደሆነ ሊገምት ይችላል።