ካስትሮ፦ በመጠጥ ቤት የተቆረቆረ ሰፈር

የሳን ፍራንሲስኮው ካስትሮ በዓለም ስማቸው ከገነነ የተመሳሳይ ፆታ አፍቃሪዎች ሰፈሮች አንዱ ነው። እስከ 1950ዎቹ ድረስ ግን (ዓመታቱና ቀናቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ዩሪካ ቫሊ የሚባል፣ የአየርላንድ፣ የጀርመንና የስካንዲኔቪያ ዝርያ ያላቸው ሠራተኛ ቤተሰቦች የሚኖሩበት፣ ልጆች የሚበዙበት መንደር ነበር። እሑድ ጠዋት ነዋሪው ወደ ሞስት ሆሊ ሪዲመር ካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ይጎርፋል፤ ማታ በጊዜ ይተኛል።

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወቅት የአሜሪካ ጦር በተመሳሳይ ፆታ ፍቅር የጠረጠራቸውን ወታደሮች በሰማያዊ ወረቀት ያሰናብት ነበር። ከፓስፊክ ግንባር የተባረሩት ሳን ፍራንሲስኮ ወደብ ላይ ወርደው ብዙዎቹ እዚያው ቀሩ፤ ያን ወረቀት ይዞ ወደ ትውልድ ቀዬ መመለስ የሚደፈር አልነበረም። ከጦርነቱ በኋላ ደግሞ የዩሪካ ቫሊ ቤተሰቦች ሰፊ ግቢ ፍለጋ ወደ ከተማው ዳርቻ ሲወጡ፣ የቪክቶሪያ ዘመን የእንጨት ቤቶቻቸው በርካሽ ቀረቡ። መጤዎቹ ገቡባቸው፤ ጠገኑ፣ ቀለም ቀቡ።

የሰፈሩን ታሪክ ያለ መጠጥ ቤቶቹ መተረክ አይቻልም። በዚያ ዘመን ፖሊስ ባሻው ሌሊት ገብቶ ደንበኞችን ያፍስ ነበር። የታፈሰው ሰው ስም ጋዜጣ ላይ ይወጣል፤ ከሥራም ይባረራል። ስለዚህ ቤቶቹ ጨለማ፣ መስኮታቸውም የተጋረደ ነበር። በሌላ የከተማው ሰፈር የነበረው ብላክ ካት የሚባል ቡና ቤት ባለቤት ፈቃዱን ሲነጠቅ እስከ ካሊፎርኒያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ድረስ ተከራከረ፤ በ1951ም የደንበኞቹ ማንነት ብቻውን ፈቃድ እንደማያስነጥቅ አስወሰነ። በዚያው ቤት ይዘፍን የነበረው ሆሴ ሳሪያ በ1961 ለከተማው ምክር ቤት ተወዳደረ። ተሸነፈ፤ ነገር ግን በአሜሪካ ማንነቱን ሳይደብቅ ለምርጫ የቀረበ የመጀመሪያው ሰው እሱ ነው። በዓመቱ የመጠጥ ቤት ባለቤቶች ከአፈሳ የሚከላከሉበትን ማኅበር አቋቋሙ።

ካስትሮ ውስጥ ሚዙሪ ሚዩል የተባለው ቤት በ1963 በሩን ከፈተ። ከሁሉ በላይ የሚገርመኝ ግን በካስትሮና በማርኬት ጎዳናዎች መገናኛ ላይ ያለው ትዊን ፒክስ ነው። በ1972 ሁለት ሴቶች ይህን መጠጥ ቤት ያዙና መጋረጃውን አንስተው ትልልቅ የመስታወት መስኮት ገጠሙለት። በመንገድ የሚያልፍ ሁሉ ውስጥ የተቀመጠውን ያያል፤ የተቀመጠውም አላፊውን ያያል። አፈሳው ገና ከሰው ልብ ባልወጣበት ጊዜ ይህን ማድረግ ምን ያህል ድፍረት እንደጠየቀ መገመት አያዳግትም። ከተማው በ2013 ቤቱን በቅርስነት መዝግቦታል።

ከኒው ዮርክ የመጣው ሃርቪ ሚልክ በ1973 የካሜራ ሱቅ ከፈተ፤ ሱቁ ወዲያው የሰፈሩ መማከሪያ ሆነ። የከባድ መኪና ሾፌሮች ማኅበር በኩርስ ቢራ ላይ አድማ ሲጠራ ሚልክ የሰፈሩን መጠጥ ቤቶች አስተባብሮ ቢራውን ከመደርደሪያ አስወረደ። በምላሹ የጠየቀው ማኅበሩ የተመሳሳይ ፆታ አፍቃሪ ሾፌሮችን እንዲቀበል ነበር። ሦስት ጊዜ ተሸንፎ በ1977 ለከተማው ምክር ቤት ተመረጠ።

እነዚያ ዓመታት የዲስኮ ዘመን ነበሩ፤ የዘፋኙ የሲልቬስተር ቀጭን ድምፅ ከየቤቱ ይሰማል፣ ቅዳሜ ማታ ሰዉ ከመንገድ ዳር ተርፎ ወደ አስፋልቱ ይወርዳል። ኅዳር 27 ቀን 1978 ሚልክ ከከንቲባ ጆርጅ ሞስኮኒ ጋር በቀድሞ የምክር ቤት አባል ጥይት ተገደለ። በዚያው ምሽት ሺዎች ሻማ ይዘው ከካስትሮ እስከ ማዘጋጃ ቤቱ በዝምታ ሄዱ። በቀጣዩ ግንቦት ገዳዩ ቀላል ቅጣት ሲፈረድበት ግን ከተማው በሁከት ተናጠ፤ ፖሊስም ካስትሮ ድረስ መጥቶ ኤሌፋንት ዎክ የሚባለውን መጠጥ ቤት ሰባበረ፣ ደንበኞቹንም ደበደበ።

ከዚያ ኤድስ መጣ። በ1981 ቦቢ ካምቤል የሚባል ነርስ በገዛ አካሉ ላይ የወጣውን ቁስል ፎቶግራፍ በአንድ ፋርማሲ መስኮት ላይ ለጥፎ ሰፈሩን አስጠነቀቀ። በሳን ፍራንሲስኮ በበሽታው ያለቀው ሰው ወደ 20,000 ይጠጋል። በ1990ዎቹ በየሳምንቱ የእድር ድንኳን ሲተከል ያየ የአዲስ አበባ ሰው ይህን ዘመን ማንም ሳያስረዳው ይገባዋል። መጠጥ ቤቶቹም እንደ እድር ነበሩ፤ ገንዘብ ይሰበሰብባቸዋል፣ የታማሚ ተንከባካቢ ይመደብባቸዋል። የሞስት ሆሊ ሪዲመር የመነኮሳይያት መኖሪያ በ1987 የሕሙማን ማረፊያ ሆነ፤ በደብሩ የቀሩት የአየርላንድ ተወላጅ አሮጊቶችና አዲሶቹ ጎረቤቶቻቸው የተቀራረቡት በአስታማሚነት ነው። ሲልቬስተርም በ1988 ሲሞት ከዘፈኖቹ የሚገኘውን ገቢ ለኤድስ ታማሚዎች መርጃ ተናዘዘ። ቤይ ኤርያ ሪፖርተር የሚባለው ሳምንታዊ ጋዜጣ ከወረርሽኙ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ያለ አንድም የሞት ማስታወቂያ የወጣው በነሐሴ 1998 ነው፤ ዜናው የፊት ገጹ ርእስ ሆነ።

ዛሬ ካስትሮ የምሽት ሰፈር ነው። ትዊን ፒክስ ውስጥ ጨዋታ የሚወዱ አረጋውያን ይበዛሉ፤ ዝቅ ብሎ 18ኛው መንገድ ላይ ወጣቶቹ ይጨፍራሉ። በ1922 የተሠራው የካስትሮ ሲኒማ ቤት ስምም በመብራት ከሩቅ ይነበባል። በካሊፎርኒያ ሕግ መጠጥ የሚሸጠው እስከ ሌሊቱ 8 ሰዓት ነው። የሃሎዊን በዓል ሲሆን መንገዱን ይሞላ የነበረው ሕዝብ ግን የለም፤ በ2006 ዘጠኝ ሰው በጥይት ከቆሰለ በኋላ ከተማው የጎዳናውን ግብዣ አስቀረ።

አሁን ሰፈሩን የሚያስጨንቀው የቤት ኪራይ ነው። ከየገጠሩ ከተማ ከቤተሰቡ ተጣልቶ የሚመጣ ወጣት በ1970ዎቹ እንደነበረው ከጓደኞቹ ጋር ተዳብሎ አንድ የእንጨት ቤት መከራየት አይችልም፤ ብዙዎቹ ባሕረ ሰላጤውን ተሻግረው ኦክላንድ ይሰፍራሉ፤ ወደ ካስትሮ የሚመጡት ለማምሸት ብቻ ነው። ከኤድስ ወረርሽኝ የተረፉ አረጋውያንም በኪራይ ቁጥጥር ሕግ የተያዘላቸውን አሮጌ ዋጋ ይዘው እዚያው አሉ፤ ቤቱን ከለቀቁ በዚያ ሰፈር ሌላ ማግኘት አይችሉም።