ስሙ የጠፋው ንጉሥና የአዱሊስ ዙፋን

ነጋዴው ኮስማስ በአዱሊስ ወደብ የግሪክኛ ጽሑፍ ከገለበጠ 1500 ዓመት ገደማ ሆነው። ዘመኑ የአክሱሙ ዐፄ ካሌብ ባሕር ተሻግረው የየመኑን ሂምያር ለመውጋት የሚሰናዱበት ነበር። ንጉሡ ጽሑፉ ተገልብጦ እንዲላክላቸው ቢያዝዙ፣ የአዱሊሱ ገዥ አስባስ ሥራውን ለኮስማስና ሜናስ ለሚባል ሌላ ነጋዴ ሰጠ። ድንጋዮቹ ዛሬ የሉም። የተረፈልን ኮስማስ ለራሱ ያስቀረው ቅጂ ነው።

ጣጣው እዚህ ላይ ይጀምራል። የተገለበጠው ጽሑፍ አንድ አልነበረም። አንዱ የግብጹ ገዥ ሣልሳዊ ፕቶሎሚ (ከክርስቶስ ልደት በፊት 246–221) ስለ ጦርነቱና ስለ ዝሆን አደኑ ያስጻፈው ጥቁር ድንጋይ ነው። ሌላው አንድ የአክሱም ንጉሥ ያቆመው የእብነ በረድ ዙፋን ነው። ኮስማስ ሁለቱን እንደ አንድ አነበባቸው፤ የአክሱሙም ድል ለግብጹ ተቆጠረለት። እንግሊዛዊው ሄንሪ ሶልት በ19ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ለይቶ እስኪያያቸው ድረስ ነገሩ እንዲሁ ኖረ። የዙፋኑ ጽሑፍ መጀመሪያ ስለጠፋ ግን የባለቤቱ ስም የለም።

ስሙ ቢጠፋም ጉራው አልጠፋም። አጋሜን አስገበርኩ፣ በረዶ እስከ ጉልበት የሚያሰጥመውን የሰሜን ተራራ ወጣሁ፣ ቤጃን ወጋሁ፣ ከባሕር ማዶም ዓረቦችን አስገበርኩ ይላል። ይህን ሁሉ በ27ኛው የዘመነ መንግሥቱ ዓመት አስጽፎታል። መሥዋዕት የሚያቀርበውም ለዜውስ፣ ለአሬስና ለፖሲዶን ነው።

ማን ነው? ኤርትራ ውስጥ በተገኘ ሌላ የግሪክኛ ድንጋይ «የአክሱማውያን ንጉሠ ነገሥት» የተባለ ሴምብሩቴስ በ24ኛ ዓመቱ ላይ ይታያል። እናም 24 ላይ የታየ ንጉሥ 27 ቢደርስ ምን ይገርማል ያሉ አሉ። ለእኔ ግን ይህ ማስረጃ ሳይሆን ምኞት ነው። የሴምብሩቴስ ሳንቲም እንኳ እስካሁን አልተገኘም። በሦስተኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ የነበረውን የአክሱም ንጉሥ ገዳራትን የሚያስቡም አሉ። ስም ከመለጠፍ ስም የለሽ ሆኖ ቢቆይ ይሻላል።

የእኛ አካባቢ ይፋትስ? ዙፋኑ ዕጣን በሚለቀምበት አገር፣ ውሃ በሌለው ሰፊ ሜዳ የሚኖሩ ራውሶ የተባሉ ሕዝቦችን ይጠቅሳል። ከካራቆሬ ቁልቁል ወደ አፋር በረሃ የሚያይ ሰው እነዚህ ናቸው ለማለት ይቃጣው ይሆናል። ይታገሥ! ሜዳና ድርቀት ብቻውን አድራሻ አይሆንም። በይፋት ቆላ የግሪክኛ ድንጋይ አልታወቀም። እዚህ በድንጋይ የሚናገረው ዓረብኛ ነው፤ በሸዋሮቢት አካባቢ የፈረንሳይ አርኪዮሎጂስቶች ባጠኑት የይፋት ገዥዎች የወላስማ ሱልጣኖች መቃብር ላይ የ14ኛው መቶ ዘመን ጽሑፍ ተገኝቷል።

ስሙ ከጠፋው ንጉሥ ስሙ ወደሚታወቀው የአክሱም ንጉሥ ወደ ኢዛና ልምጣ። ሶልት እ.ኤ.አ. በ1805 አክሱም ላይ ያየው ድንጋይ የቤጃን ዘመቻ በግሪክኛ፣ በግዕዝና በሳባ ፊደል ይተርካል፤ ንጉሡም የማይሸነፈው የአሬስ ልጅ ነኝ ይላል። የዚሁ ጽሑፍ ሌላ ቅጂ እ.ኤ.አ. በ1981 በገበሬዎች እጅ ተገኝቷል። እ.ኤ.አ. በ1969 የተገኘው የግሪክኛ ጽሑፍ ግን በአብ፣ በወልድና በመንፈስ ቅዱስ ይጀምራል። ስለ ኖባ ዘመቻ የሚናገረው የታወቀው የግዕዝ ድንጋይ በበኩሉ «የሰማይ ጌታ» ብሎ ያልፋል። ብዙዎች ንጉሡ ለባዕዳን በግሪክኛ እምነቱን ገልጦ፣ ለአገሬው በግዕዝ ሸፍኖ ተናገረ ይላሉ። በ356 ገደማ የሮሙ ቆስጠንጢዮስ ስለ አክሱሙ ጳጳስ ፍሬምናጦስ ለኢዛናና ለወንድሙ ለሳይዛና ደብዳቤ መጻፉ፣ ባዕዳን እምነቱን ያውቁ እንደነበር ስለሚያሳይ፣ ይህን ያጠናክርላቸዋል። ግን ሁለቱ ጽሑፎች በአንድ ቀን ተቀረጹ ያለ ማን ነው? በመካከላቸው ጥቂት ዓመታት ካሉ፣ ሽፋን የሚባለው ነገር እምነቱ ገና ሲጠነክር የነበረበት ጊዜ ብቻ ሊሆን ይችላል።